ጓንት ያጠለቀው አስተማሪ

ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ብረቱ» የሚለው የወርክሾፕ አስተማሪ ቶርኖው ላይ እንደተንጠለጠለ ሞቶ ተገኘ። ብረት የሚልጠው ማሽን ቀኝ እጁን ከነቱታው ጠቅልሎ እስከ ትከሻው ገነጣጥሎታል፤ አጥንቱ በተቀዳደደው ጨርቅ መሃል ፈጦ ይታያል። ሃምሳ አለቃው አንዴ አየና ውጭ ወጥቶ አስመለሰው። መርማሪዋ ግን ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ባልደረቦቿ «ቆይ እስኪ» የሚል ቅጽል ያወጡላት በከንቱ አይደለም፤ ሁሉም ሲቸኩል እሷ ትቀመጣለች።

ከግቢው በር ውጭ ወላጆች ከነልጆቻቸው ተሰልፈዋል። ዕለቱ ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ተማሪዎችና ሊቀጠሩ ለሚያስቡ መምህራን ያለውን መልካም ነገር ሁሉ የሚያሳይበት ነበር። «በእጅዎ ሠርተው የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ!» የሚል ባነር ከበሩ በላይ ተወጥሯል።

«አደጋ ነው ብለው ይጻፉልን፤ እንግዶች እየጠበቁን ነው» አለ ዲኑ፣ ሱፉን እየጠበቀ ከደጃፉ ሳያልፍ። «እኔ ደም አልችልም፤ ወርክሾፑም ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ምስኪን! ጥንቃቄ እንኳ አላጓደለም፤ ይኸው ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው የሞተው። ዩኒቨርሲቲያችንን የሚያስወቅስ ነገር የለም።»

«ቆይ እስኪ» አለች መርማሪዋ። «እጁ ተገንጥሎ ከማሽኑ ሥር ያለው ደም አንድ ጭልፋ አይሞላም።»

ተነስታ ግድግዳው ጥግ የተበተነውን ሰጋቱራ በጫማዋ ጫፍ ገለጠችው። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ በደም ጨቅይቷል። የሟቹን ራስ ቀና ስታደርግ ደግሞ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል።

«እዚህ ተመትቶ ሞተ። ማሽኑ የበላው ሬሳ ነው።»

«ገዳይዋማ ተይዛለች!» አለ ሃምሳ አለቃው አፉን እየጠረገ።

የያዛት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሸሚዟ ደረቱ ላይ በደም ተለውሷል። ትናንት ሟቹ በሰው ፊት እየጮኸ ከወርክሾፑ እንዳባረራት ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት እኔ አይደለሁም!» አለች። «ጠዋት ስገባ ማሽኑ ይዟቸው ይሽከረከራል። ማቆሚያውን ብጫነው ብጫነው እምቢ አለኝ። ሮጬ ዋናውን መብራት አጠፋሁና አቀፍኳቸው። ከታሰርኩ ትምህርቴ አበቃ፤ እናቴ እኔን ለማስተማር የሰው ልብስ ስታጥብ እጇ አልቋል።»

የመርማሪዋን አንጀት በላችው፤ ግን አንጀት ማስረጃ አይሆንም። ወደ ማሽኑ ሄዳ ማቆሚያውን አየችው። ክዳኑ ወልቋል፣ ሽቦው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ ላዩ ላይ አቧራ ጠጥቷል። የትናንት ብልሽት አይደለም።

«ትናንት ለምን አባረሩሽ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ጣልቃ ገባች ከዲኑ ጋር የመጣችው የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ። «ለእንግዶች የሚታደል ፎቶ ላነሳት ብዬ ጓንት አጠለቅኩላት። ጋሼ ብረቱ እሳት ጎርሰው መጡ። ‹ማሽኑ የጓንቱን ጫፍ ከነካ እጅሽን ይዞት ይሄዳል! በባዶ እጅ ነው የሚሠራው!› ብለው ከእጇ ገፈው ጥግ ወረወሩት። እኔንም በዚያው አስወጡኝ።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«እኔ» አለ ከኃላፊዋ ጎን የቆመ፣ በመምህርነት ሊወዳደር የመጣ መሐንዲስ። «ማታም አብረን አመሸን። አምና አንድ ልጅ በዚሁ ማሽን አራት ጣቶቹን አጥቷል፤ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ነው ተብሎ ታፈነ። ‹ነገ ለሚመጡት ወላጆች በግልጽ እናገራለሁ፤ አሁን ለዲኑ ልንገረው› ብለውኝ ተለያየን። እዚህ አትቀጠር ያሉኝ እንዳይመስልዎት። ‹ና፣ ግን ዝም አትበል› ነው ያሉኝ።»

መርማሪዋ አራቱንም ከወርክሾፑ ጎን ባለው መማሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የሥራ መነጽሮችና አራት ጥንድ ጓንት ተደርድረዋል።

«አሁን ቶርኖ ላይ ልትሠሩ ነው እንበል። ተዘጋጁ።»

ልጅቷ አምባሯን አውልቃ ፀጉሯን ሸብ አደረገች። መሐንዲሱ ሰዓቱን ፈትቶ እጅጌውን ሰበሰበ። የማስታወቂያ ኃላፊዋ መነጽር ብቻ አነሳች።

«የልጅ ጨዋታ!» አለ ዲኑና ጓንቱን አጠለቀ።

«ኧረ ያውልቁት!» ብላ ልጅቷ ሳታስበው ጮኸች።

ሁሉም ወደ ዲኑ እጅ ዞሩ።

«አያችሁ?» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ከሞተ በኋላ ነው ጓንት የተጠለቀለት፤ በሕይወት እያለማ ለፎቶ እንኳ እምቢ ብሏል። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ሲያስብ ጥጉ ላይ የተጣለ ጓንት አየ። ጥንቃቄ መስሎት አጠለቀለት፤ ጥፋቱ ከዩኒቨርሲቲው እንዲወርድ። እነዚህ ሦስቱ ጓንት እንደሚገድል ያውቃሉ። አደጋ ለማስመሰል ፈልገው ቢሆን ኖሮ እጅጌውን ብቻ ያስይዙት ነበር። ይህን የማያውቀው በየንግግሩ በወርክሾፑ የሚኮራ፣ ግን አንድ ቀን ቆሞ ያላየው ሰው ብቻ ነው።»

«ይህ ግምት ነው!»

«ታዲያ ጫማዎን ያሳዩን።»

ሃምሳ አለቃው የዲኑን እግር ብድግ አደረገው። ከሶሉ ውስጥ ሰማያዊ ጥምዝ የብረት ፍቅፋቂ ተሰክቷል።

«ይህ የሚገኘው ቶርኖው ሥር ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ገብቼ አላውቅም ብለዋል።»

ዲኑ ወንበሩን አንስቶ ወረወረ። መርማሪዋን ስቶ መሐንዲሱን ግንባሩ ላይ ፈነከተው። ወደ በሩ ሲሮጥ ሃምሳ አለቃው ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ ደፋው፤ አገጩ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ጥርሱ ሲሰበር ተሰማ።

«ሃያ ዓመት የገነባሁትን ስም በአንድ ጠዋት ሊያፈርሰው!» አለ ደም እየተፋ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት! ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር...»

ልጅቷ ከተለቀቀች በኋላ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ስትወጣ ሰልፉ አልተበተነም። አንዲት እናት ልጇን አስከትላ ጠጋ አለቻት።

«ልጄ፣ እዚህ ነው እንዴ የምትማሪው? ሰው ሞተ ይላሉ። ላስገባት ወይስ ይዣት ልመለስ? ምኑ ነው ጥሩ?»

ልጅቷ ባነሩን አየችው። ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ ጣቶቿን ዘረጋች፤ በጥፍሮቿ ሥር ደሙ ገና አለ።

«አስሩም አሉኝ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ያስተማሩኝ ጋሼ ብረቱ ናቸው።»