ወርቅ ላበደረች ጠጠር

ኤስቴላ እናቷን «እማዬ» ብላ ጠርታት አታውቅም። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዲት አምስተርዳም ሲኖሩ፣ ከዚያም ውስጥ ብዙውን በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ሲበሉና ሲጠጡ፣ «ሴልማ» ነበር የምትላት፤ ልክ እንደ ጎረቤት፣ ልክ እንደ ሱቅ ደንበኛ። ሴልማም አንድም ቀን «ለምን?» ሳትል «አቤት» እያለች ኖረች፣ «አቤት» እንዳለችም ሞተች። ከወለዱት ልጅ አፍ አንዲት ቃል እንደተራቡ ወደ መቃብር መውረድ... ከዚህ የከፋ ምን ረሃብ አለ?

ነገሩ የጀመረው በዚያ ክፉ ዘመን ነው። ናዚዎች አይሁዱን ሁሉ እየለቀሙ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው ባቡር ሲጭኑ ኤስቴላ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። በፋሲካ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጡ ከነበሩት አሥራ አንድ ዘመዶች አባቷ፣ አያቶቿ፣ አክስቶቿ በዚያ ባቡር ሄደው አመድ ሆነው ቀሩ። ሴልማ ተራዋ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጇን በልብስ ቅርጫት አድርጋ ስሟን እንኳ ለማታውቃት፣ ሕፃናትን በድብቅ ለምታሸሽ ተማሪ አስረከበች። ቅርጫቱ በብስክሌት፣ ከዚያም በጀልባ፣ ከዚያም በወተት ጋሪ ተጉዞ በሰሜን በኩል ያለች የገጠር አውራጃ ፍሪስላንድ ገባ። እዚያ ባውክዬ የምትባል፣ ከላም አለባ በቀር ምንም የሌላት መካን ሴት ተቀበለቻት። ብትያዝ የሚጠብቃት ሞት መሆኑን እያወቀች «የሟች እህቴ ልጅ ናት፣ ስሟም ሲትስካ ነው» ብላ ለመንደሩ ተናገረች። ሦስት ዓመት ከራሷ አፍ እየነጠቀች አጎረሰቻት። ኤስቴላ «እማዬ» ማለትን የተማረችው በዚያች ሴት ጉያ ነው።

ጦርነቱ አልቆ በጋው ሲገባ፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ የምትመዝን፣ ፀጉሯ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ አንዲት ሴት በእግሯ እየተጎተተች ወደ በረቱ መጣች። ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። የአምስት ዓመቷ ልጅ ግን ደንግጣ የባውክዬን ሰማያዊ ሽርጥ ጨምድዳ ከኋላዋ ተሸሸገች።

«እማዬ፣ ይቺን ሴትዮ አባሪያት። ታስፈራለች።»

ያቺ ሴትዮ ሴልማ ነበረች። በማጎሪያው ካምፕ ከሞት አፍ የተረፈችው ስለዚች ልጅ ስትል አልነበረም? የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከሽርጡ ያላቀቀችው ባውክዬ ራሷ ነበረች፤ እንባዋ እየወረደ፣ «ሂጂ የኔ ልጅ፣ የወለደችሽ እሷ ናት» እያለች።

መከራ ብቻውን አይመጣም። በሁለተኛው ክረምት ባውክዬ በሳንባ ምች ሞተች። ሴልማ መርዶውን እስከ ፀደይ ድረስ ደበቀችው። ልጅቷ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ «ይቺ ሴት ባውክዬን ትጠላታለች» ብላ በልቧ ዘጋች። አድጋ በራሷ እግር መሄድ ስትችል በዓመት አንድ ጊዜ ለማንም ሳትናገር ወደ ፍሪስላንድ እየሄደች በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለው የባውክዬ መቃብር ላይ አበባ ታኖር ነበር። በሄደች ቁጥር ታዲያ በመቃብሩ ድንጋይ መሃል ላይ አንዲት ጠጠር ታገኛለች። መንገዱ ጠጠር የለበሰ ስለሆነ የመንደሩን ልጆች ጠረጠረች። «የማንም ባለጌ መጫወቻ አደረጋት» እያለች በመዳፏ ጠርጋ ትጥለዋለች። ከሴልማ ሞት ወዲህ ጠጠሩ ቀረ፤ እሷም ልጆቹ አደጉ ብላ ረሳችው።

ሴልማ በሕይወት ሳለች ኤስቴላም ወለደች። ዳፍናን በታቀፈች ዕለት ያኔ በበረቱ በር ላይ ምን እንዳለች ገባት። ግን ለዓመታት የተዘጋ አፍ በምን ይከፈታል? ዛሬ ነገ ስትል ሴልማ አሸለበች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከተማው ለጦርነቱ ሙታን ሁለት ደቂቃ ጸጥ ሲል፣ ትራሙ ሁሉ ባለበት ሲቆም፣ ኤስቴላ መጋረጃዋን ዘግታ ሬዲዮ ትከፍታለች። የእልቂቱ መታሰቢያ ሙዚየም ከቤቷ ሦስት ፌርማታ ቢሆንም ደጁን ረግጣ አታውቅም። «ይቅር ብላኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃት ይመስላት ነበር።

ሰማንያ አራት ዓመት ሲሞላት ከሙዚየሙ ደብዳቤ መጣ። ሴልማ ከመሞቷ ከሦስት ዓመት በፊት በካሜራ ፊት ተቀምጣ ምስክርነቷን ሰጥታ ኖሯል። ፊልሙ በቅርቡ ከመጋዘን ተገኝቶ ታድሷል፤ ለጎብኚ ከመታየቱ በፊት ልጅዋ አይታ ትፍቀድ ነው የሚሉት። ኤስቴላ ደብዳቤውን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀችው። ዳፍና ብስኩት ስትፈልግ አገኘችው።

«አልሄድም» አለች ኤስቴላ። «ስለዚያ ቀን ተናግራ ከሆነስ?»

ዳፍና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «እማ፣ ሳትሰሚው እንኳ ይሄን ያህል ዓመት እንቅልፍ ነስቶሻል፤ ብትሰሚው ከዚህ በላይ ምን ያደርግሻል? ከከበደሽ መሃል ላይ እናስቆመዋለን። ከዚያ የፖም ኬክ እጋብዝሻለሁ፣ አንቺም እንደ ልማድሽ ደረቀ ትያለሽ።»

ሄዱ። በመስታወት ውስጥ ባለቤት የሌላቸው የሕፃን ጫማዎች፣ ከባቡር መስኮት የተወረወሩ ደብዳቤዎች ነበሩ። የአባቷን ስም ከግድግዳው ላይ አግኝታ በጣቷ ዳሰሰችው። ሲንጫጩ የገቡ ተማሪዎች ጫማዎቹ ጋ ሲደርሱ ጸጥ አሉ፤ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ኤስቴላ ገርሟት ቆማ አየቻቸው። የማያውቋቸውን ሕፃናት የሚያለቅሱላቸው ልጆች በመኖራቸው በልቧ አመሰገነች።

የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ አነስተኛ ክፍል አስገብታ «በፈለጉ ጊዜ ይበሉኝ፣ አቆመዋለሁ» አለቻትና ፊልሙን ከፈተች። ሴልማ ብቅ አለች። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትራም እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። ጠያቂዋ ከካሜራው ጀርባ ሆና ከሁሉ የማትረሺው ቀን የቱ ነው አለቻት።

«ልጄ የሸሸችኝ ቀን» አለች ሴልማ።

ኤስቴላ የዳፍናን እጅ ጨበጠች።

«ልቤ ተሰብሯል፣ አልዋሽም። ግን ያየሁትን ልንገርሽ። ጉንጯ ሞልቷል። ፀጉሯ ተጎንጉኗል። ስትፈራ ደግሞ የምትሸሸግበት ሽርጥ ነበራት። እኔ በነበርኩበት ቦታ ስንት ልጅ አየሁ መሰለሽ፣ ሽርጥ ያጣ... የኔዋ ግን ነበራት። እዚያው ተንበርክኬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።»

ይህን ለልጅሽ ነግረሻታል ወይ ተባለች። ሴልማ አልነገርኳትም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ባውክዬ ስትሞት ልጄ ሳል ይዟት ነበር፤ ክረምቱን ትለፈው ብዬ ደበቅኋት። ተቀየመችኝ፤ እውነት አላት። ልጅቷን ከባውክዬ እጅ ወሰድኩ፤ ሐዘኑን ደግሞ ከልጄ ልሻማት? ለቅሶው የሷ ይሁን አልኩ። እኔ በየዓመቱ ብቻዬን እሄዳለሁ። እንደኛ እንደ አይሁድ ልማድ መቃብሯ ላይ አንድ ጠጠር አኖራለሁ፣ አልረሳሁሽም ለማለት። በዓመቱ ስመለስ ግን ጠጠሬ የለም።» ፈገግ አለች። «የፍሪስላንድ ነፋስ ኃይለኛ ነው። ደግ፣ ሌላ አኖራለሁ። የሷ ውለታ እንደሆነ በአንድ ጠጠር አያልቅም።»

ኤስቴላ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ያ ነፋስ እሷ ነበረች! የእናቷን ምስጋና በየዓመቱ በገዛ እጇ እየጠረገች ስትጥል፣ ያቺ ምስኪን ደግሞ ሳይሰለቻት ስትመልስ፣ ሁለቱ በአንድ መቃብር ላይ ሳይገናኙ ዘመናቸውን ጨረሱ... ከሰማንያ ዓመት በፊት የተዘጋው አፍ አሁን ተከፈተ።

«እማዬ» አለች።

በዚያችው ቅጽበት፣ ፊልሙ ውስጥ፣ አንድ ሰው ከበሩ በኩል ሴልማን በስሟ ጠራት። ሴልማ ቀና አለች።

«አቤት» አለች።

ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ። ዳፍና እናቷን አቅፋ ብዙ ሰዓት ተቀመጠች፤ ሠራተኛዋም በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ኤስቴላ የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመች። «ይታይ» አለች። «ልጆቹ ይስሙት።»

በሳምንቱ እናትና ልጅ መጀመሪያ ወደ ሴልማ መቃብር ሄደው አንዲት ጠጠር አነሱ፤ በባቡር ፍሪስላንድ ድረስ ይዘዋት ሄዱ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላል ተረቱ፤ የሚተረተውም ለውለታ ቢስ ነው። ባውክዬ ግን ያሳደገችውን ወርቅ አውቃ መልሳ ሰጥታ ነበር፤ የተመለሰላት ጠጠርም ከወርቅ በላይ ሆነ። ዕድል የሰውን ልጅ ከእናቱ ትለያለች፣ አባቱንም አመድ ታደርጋለች፤ ለኤስቴላ ግን በዚያ ሁሉ ጨለማ መሃል ሁለት እናት ሰጥታት ነበር። ምነው ቀደም ብላ ባወቀችው! ግን ሳታውቀው ከመሞት ማወቋ ተመስገን ነው።

ኤስቴላ ጎንበስ ብላ ጠጠሯን ድንጋዩ መሃል ላይ አኖረችና፣ ነፋሱ እንዳይወስዳት በመዳፏ ጫን ብላ ያዘቻት።