ጥርስ አልባው መንጠቆ

በዚያ የጥቅምት ጠዋት ወንዛችን ኔሬትቫ ሁለት ሬሳ ታቅፋ ጠበቀችን። አንደኛው የወንዝ ጠባቂው ሻቺር ነው፤ ከድንጋዩ ድልድይ ሥር፣ ወደ ውኃው ከሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ሁለተኛው ሐጂው ነው። ሐጂው ሰው አይደለም። በድልድዩ ሥር ባለው ጥልቅ ውኃ ያረጀ፣ ርዝመቱ ከሁለት ክንድ የማያንስ ትራውት ዓሣ ነው። በከተማችን ዳቦ ሳይጥልለት ያደገ ልጅ የለም፤ ሊያጠምደው የደፈረ ሰውም እስከዚያ ቀን አልነበረም። አሁን በአረንጓዴ ገመድ ጫፍ፣ ነጭ ሆዱን ወደ ዝናቡ አዙሮ ይንሳፈፋል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ድልድዩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ለሻቺር «አላህ ይዘንለት» ብሎ ሲያበቃ እንባውን ያፈሰሰው ለዓሣው ነበር። ንዴቱን የሚያራግፍበት ሰውም አልቸገረውም። አረንጓዴ ገመድ የሁስኖ ነው። ሁስኖ የከተማችን የኮኒትስ የዓሣ ሌባ ነው፤ ብዙ መንጠቆ የታሰረበትን የአዳር ገመድ ማታ ጥሎ ጠዋት የሚሰበስብ፣ ሻቺር ዕድሜ ልኩን ሲያባርረው የኖረ ሰው። «ገመዱን ሲያነሣ ጠባቂው ደረሰበት፤ ገፍቶ ገደለው» ተባለ። ፖሊስ ከአልጋው አስነሥቶ ካቴና ሲያጠልቅለት፣ «ውኃው ውስጥ ክተቱት!» ብለው የጮኹ ነበሩ። ሁስኖ የከተማው ጥርስ ውስጥ ገባ።

ኢንስፔክተር ዙምራ ካራሆጂች ለጩኸቱ ጀርባዋን ሰጥታ ደረጃውን ወረደች። የሻቺር ጭንቅላት ከኋላው ተፈንክቷል፤ የደረጃው ጠርዝ ላይም ዝናቡ አጥቦ ያልጨረሰው ደም ነበር። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ቀና ብሎ አያት።

«ሲወድቅ አልሞተም። ውኃው ነው የጨረሰው። አጠገቡ የነበረ ሰው ቀና ቢያደርገው ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

 ዙምራ ጎንበስ ብላ ዓሣውን አነሣች። የገመዱ መንጠቆ ጉሮሮው ውስጥ ተሰክቷል፤ የተሰካበት ሥጋ ግን ነጭ ነው፣ አንዲት ጠብታ ደም የለውም። በላይኛው ከንፈሩ ጥግ ደግሞ መርፌ የወጋው የመሰለ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ የእሱ ዙሪያ ደም ቋጥሯል። ገመዱን ስትጠቀልል ከባዶዎቹ መንጠቆዎች አንዱ የሱፍ ጓንቷን ያዘ። ሳብ ስታደርገው ሹልክ ብሎ ወጣ።

ባለችበት ቆመች። ልጅ ሳለች የአባቷ መንጠቆ አውራ ጣቷ ውስጥ ገብቶ፣ ሐኪም ሥጋዋን ሰንጥቆ እስኪያወጣው ድረስ ሰፈሩን በጩኸት አናውጣው ነበር። መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የምታይ ትንሽ ጥርስ አለችው፤ የገባው እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። ጓንቷን አውልቃ በጥፍሯ ዳሰሰችው። ጥርሷ በነበረችበት ቦታ ትንሽ እብጠት ብቻ ቀርታለች። የቀሩትንም ዳሰሰች፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ለማንም ሳትናገር አሽጋ ኪሷ ከተተቻቸው።

አቃቤ ሕጉ ከሞስታር ከተማ ደወለ። «ከሰዓት በኋላ መጥቼ ሰውዬውን እወስደዋለሁ። ነገሩ ግልጽ ነው አይደል?»

«እንደ ኔሬትቫ» አለች ዙምራ። ወንዙ ከላይ በጣለው ዝናብ ደፍርሶ ጭቃ መስሏል፤ እየሞላም ነበር። ሁስኖ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ክስ ሞስታር ከወረደ፣ ወደ ኮኒትስ የሚመለሰው ሰው ተሸክሞት እንደሆነ ታውቃለች።

እስር ክፍሉ ውስጥ እንደ ሕፃን ሲነፋረቅ አገኘችው።

«ጋሽ ሁስኖ፣ ገመዱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። በቀደም ሻቺር ቀማኝ። እንደ ልማዱ መንጠቆዎቹን በሰንጢ ቆርጦ ጣሳ ውስጥ ከተታቸው፣ የልጆች እግር እንዳይወጋ ብሎ። ገመዱን ቦርሳው ውስጥ ጨመረና ሲጋራ ሰጠኝ። ‹አረጀህ አንተ፤ ድሮ እኮ ትሮጥ ነበር› አለኝ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አሁን ከማን ነው የምሰርቀው? እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ልጅ! ከማን?»

«መንጠቆዎ ጥርስ አለው?»

በእንባው መሃል ሳቀ። አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ አልነበረም። «ጥርስ የሌለኝ እኔ ነኝ እንጂ መንጠቆዬማ እንደ ውሻ ነው የሚናከስ! ማታ ጥዬ የምተኛ ሰውዬ፣ ጥርስ በሌለው መንጠቆ ጠዋት ምን ላገኝ ነው? የኔን የነቀሉት ዶክተር ኒያዝ ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ፣ እንኳን ሊያመኝ አልተሰማኝም። መንጠቆዬን ግን ለማንም አላስነቅል።»

«ሐጂውንስ?»

ሳቁ ጠፋ። «ሐጂውን ነካህ ከምትይኝ እናትህን መታህ በይኝ።»

ከድልድዩ ማዶ የዓሣ ምግብ ቤት ያላት ያድራንካ የምትባል ሴት አለች። ዙምራ ስትገባ ድስት እያማሰለች ነበር።

«ከሁስኖ ዓሣ ትገዣለሽ።»

«አገር ያወቀውን ምን ልደብቅሽ? እገዛለሁ። ሻቺርም እዚችው ቁጭ ብሎ ይበላዋል፤ ከየት መጣ ብሎኝ ግን አያውቅም።» ማማሰሏን ተወች። «ትናንት አልበላም። ‹ሰሞኑን ጎህ ሲቀድ ድልድዩ ሥር የሚያጠምድ ሰው አለ› አለኝ። ዓሣው የሚራባበት ወቅት ነው፤ ወንዙ ዝግ ነው። ‹ነገ ቆሜ እጠብቀዋለሁ› አለ። ማነው ብለው፣ ‹ሁስኖ ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር› ብሎኝ ወጣ።»

«ይህን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ተናግሬያለሁ እንጂ! ‹የሌባ ተቀባይ› ብለው አባረሩኝ።»

ወንዙ ሲዘጋ ዳርቻው ላይ መቆም የሚፈቀድላቸው ከሻቺር ሌላ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የዓሣው እንቁላል በሰላም መውደቁን የሚከታተሉት እነሱ ናቸው። ወንዙ ሲከፈት ሁለቱም የሚያጠምዱት ዝንብ አስመስለው በላባ በሚያስጌጡት ትንሽ መንጠቆ ነው፤ የያዙትንም መልሰው ይለቃሉ። አንዱ እንግዳ እያጀበ የሚያስጠምደው ኦግኔን ነው። ዙምራ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ እቃ ሲያስተካክል ደረሰችበት።

«ከሻቺር ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የሥራ ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ ነበር። ታዲያ ልስመው ኖሯል?»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ብቻዬን ነው ደግሞ፤ ምስክር የለኝም፣ ደስ ይበልሽ።»

የመንጠቆ ሳጥኑን አስከፍታ አንዱን በጥፍሯ ዳሰሰችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነው፣ እብጠት የለውም። «ጥርሱን በምን ጨፈለቅከው?»

«ምን አስጨፈለቀኝ? ሲሠራም ጥርስ ያልነበረውን ነው የምገዛው። መጨፍለቅ የሽማግሌ ሥራ ነው።»

ሁለተኛው ሰው የአጥማጆች ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም ዶክተር ኒያዝ ናቸው። ወንዙ አፋፍ ላይ ባለው የማኅበሩ ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ በእጃቸው ጽሕፈት «አንድም ዓሣ አይሞትም» የሚል ተሰቅሏል። እርጥብ ቦት ጫማቸው ማሞቂያው ሥር እንፋሎት ያወጣል።

«ነይ፣ ተቀመጪ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ሻቺርን አጣን፣ ሐጂውን አጣን። ሁስኖ ላይ ግን አትጨክኑበት። ድንቁርና ነው እንጂ ክፋት የለውም። ጠበቃውን እኔ አቆምለታለሁ።»

«ደግ ሰው ነዎት።»

«ሐጂውን ስንት ዘመን ከድልድዩ ላይ ሆኜ አየሁት መሰለሽ። አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም ነበር» አሉ፣ መዳፎቻቸውን እያዩ።

ዙምራም መዳፎቹን አየቻቸው። «ከሰዓት በኋላ አቃቤ ሕጉ ሲመጣ እዚሁ እንሰበሰባለን» ብላ ወጣች።

ሲሰበሰቡ ከመስኮቱ ሥር ወንዙ ያጓራ ነበር። አቃቤ ሕጉ ካፖርቱን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ። ዶክተር ኒያዝ በወንበራቸው፣ ኦግኔን መስኮቱ ጋ፣ ያድራንካ ከነሽርጧ፣ ሁስኖ ካቴናውን ታቅፎ ጥግ ላይ። ዙምራ ጠረጴዛው ላይ አዲስ መንጠቆዎችና ቁርጥራጭ ገመድ በተነች።

«እያንዳንዳችሁ አንዳንድ መንጠቆ እሰሩልኝ። የአዳር ገመድ እንደምታዘጋጁ አድርጋችሁ።»

«ይሄ ምን ጨዋታ ነው?» አለ አቃቤ ሕጉ።

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

ሁስኖ ከነካቴናው ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ አሰረና ወረወረላት። ያድራንካ ጣቷን ወጋችና «ውይ!» ብላ ተወችው። ኦግኔን ትከሻውን ነቅንቆ እንዳገኘው አሰረ። ዶክተር ኒያዝ መንጠቆውን ወደ ብርሃኑ አነሡት። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ መቆንጠጫ አወጡ፣ የመንጠቆውን ጫፍ ያዝ አድርገው ቀጭ አደረጉት፣ ከዚያ ረጋ ብለው አሰሩ። 

«ዶክተር፣ አሁን ምን አደረጉ?» አለች ዙምራ።

«አሰርኩ እንጂ። እሰሩ አላልሽም?»

«ከማሰርዎ በፊት።»

መቆንጠጫው ገና እጃቸው ላይ ነበር። አዩት፤ ማን እንዳስያዛቸው የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ዙምራ ከኪሷ የታሸገውን አውጥታ አጠገቡ ዘረገፈችው።

«ከሐጂው ገመድ ላይ ያነሣኋቸው እነዚህ ናቸው። ሁሉም ጥርሳቸው ተጨፍልቋል። የአዳር ገመድ የሚጥል ሌባ ጥርስ አይጨፈልቅም፤ ተኝቶ ሲያድር ዓሣውን የምትይዝለት እሷ ናት። ስለዚህ ገመዱ የሁስኖ ነው፣ መንጠቆው ግን የሁስኖ አይደለም። ገመዱ በቀደም ተቀምቶ፣ መንጠቆው ተቆርጦ፣ ሻቺር ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሻቺርን የገደለ ሰው ከቦርሳው አወጣው፣ ከራሱ ኪስ ደግሞ መንጠቆ ጨመረበት።»

«ዓሣውስ?» አለ አቃቤ ሕጉ። ካፖርቱን ማውለቅ ጀምሯል።

«ዓሣው ጉሮሮው ላይ አልደማም፤ ሬሳ አይደማምና። መንጠቆውን ከሞተ በኋላ ነው የሰኩበት። የደማው ከንፈሩ ነው፣ በትንሽዋ የላባ መንጠቆ። እሷን የሚጥሉት፣ ወንዙ ዝግ ሆኖም ማንም የማይናገራቸው፣ ሁለት ሰዎች ናቸው። የኦግኔን መንጠቆ ሲሠራም ጥርስ የለው፤ ልሙጥ ነው። እነዚህ ግን እብጠት አላቸው። ተጨፍልቀዋል።»

«ይሄማ ልማድ ነው!» አሉ ዶክተር ኒያዝ። «ላባ ከማሰሬ በፊት ሁሌ እጨፈልቃለሁ። ዓሣው እንዳይጎዳ! ጨዋ አጥማጅ ሁሉ ያደርገዋል።»

«ጨዋ አጥማጅ ሁሉ ግን በጥርስ ሐኪም መቆንጠጫ አያደርገውም። የመቆንጠጫዎ አፍ መርፌ እንዳያዳልጠው እንደ ወንፊት መስመር ተቀርጾበታል። ያው መስመር በእያንዳንዱ እብጠት ላይ ታትሟል።» አጉሊ መነጽር ለአቃቤ ሕጉ አቀበለችው። ሰውዬው አንዱን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ አሁን የታሰረውንም አየ። ከዚያ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ዶክተር ኒያዝ ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ።

«አንድ ጊዜ ልነካው ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ! ልለቀው ነበር። አርጅቶ ኖሮ እጄ ላይ ሞተ። ታቅፌው ቆሜ ሳለሁ ሻቺር መጣ። ‹ሁስኖን እንደምከሰው እርስዎንም እከስዎታለሁ› አለኝ። እኔን! በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ክንዴን ያዘኝ፣ ሳስለቅቅ ወደቀ።»

«ይተነፍስ ነበር» አለች ዙምራ።

ዶክተር ኒያዝ መቆንጠጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሐኪም ነዎት። ፊቱን ከውኃው ቀና ማድረግ ይበቃ ነበር። እርስዎ መንጠቆ እያሰሩ፣ እሱ እግርዎ ሥር ይተነፍስ ነበር።»

«ስሜን...» አሉና አልጨረሱትም።

ሁስኖ ካቴናው እየተንቃጨለ ተነሣ።

«አንተ!» አለ። በኮኒትስ ዶክተር ኒያዝን አንተ ያለ ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም። «ጥርሴን ስትነቅል አላመመኝም ነበር። ይሄ ግን አመመኝ።»

ኒያዝ አንገቱን ደፋ። ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዛወር ያድራንካ በሽርጧ ፊቷን ሸፍና ታለቅስ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ዙምራ ሁስኖን እስከ ድልድዩ ሸኘችው። ጠዋት «ክተቱት» ያልነው እኛው ሰዎች፣ አሁን «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» እያልን እጁን ለመጨበጥ ተጋፋን። እሱ ማንንም አልጨበጠም። የድልድዩ ግንብ ላይ ተደግፎ፣ ሐጂው የነበረበትን ውኃ አየ። ዙምራ ከቤቱ ተይዞ የነበረውን የአረንጓዴ ገመድ ጥቅል ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይህኛው የወንጀሉ አይደለም፤ የእርስዎ ነው። ሌላ ጠባቂ እስኪቀጠር ጊዜ ይወስዳል» አለች፣ ወደ ሌላ እያየች።

ሁስኖ ጥቅሉን ተቀበላት። ጫፉን ፈታ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ መልሶ ጠቀለለው። ከዚያ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ያዢው፣ ልጄ» አለ። «የሚቀማኝ ከሌለ ምን ያደርግልኛል?»