የሁለተኛው ቁልፍ ባለአደራ

አምሳለ ቤት ታለዋውጣለች ሲባል ሰቆጣ ውስጥ ያልሳቀ ሰው አልነበረም።

መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የፓስፖርት ቀጠሮ በኢንተርኔት ታስይዛለች። ይህን ሁሉ ሰው ይረዳላት ነበር። ያልገባው ሌላው ሥራዋ ነው። ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ለእረፍት ወደ ዋግ መምጣት ቢፈልግ፣ የዋጉ ሰው ደግሞ የዚያን ሰው አገር ማየት ቢያምረው፣ ሁለቱ ለአንድ ወር ያህል ቤት ይለዋወጣሉ። አንዱ በሌላው ቤት ይኖራል፤ የሆቴል ወጪ የለም፣ ኪራይ የለም። አምሳለ የቤቱን ፎቶ ለዚሁ በተሠራ ድረ ገጽ ላይ ትለጥፋለች፣ ከወዲያ የሚመጣውን መልእክት ትተረጉማለች፣ ቁልፍ ታስረክባለች። ማለትም ቢሳካላት ታስረክብ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መልስ ያገኘው የአንዲት ነርስ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም «ባሕሩ ከቤታችሁ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ጥያቄ ሆነ።

ጸሐዩ የመጣው የሥልጠና ወረቀት ሊያባዛ ነበር። ግብርና መሥሪያ ቤት የንብ ባለሙያ ነው። ወረቀቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እሱም እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው ሳይገረም በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ዓይኑም ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ ሄደ።

«ቤት መለዋወጥ ማለት ምንድን ነው?»

አስረዳችው። ጥቂት አሰበና «እኔ እዚያ ሆኜ ሰውዬው ቤቴን ጠራርጎ ቢሄድስ?» አላት።

«አንተስ የት ነህ? እሱ ቤት አይደለህ?»

ጸሐዩ ሳቀ። ሲስቅ ከአፉ በፊት ዓይኖቹ ናቸው የሚስቁት። አምሳለ ይህን አየችና መብራት ወደሌለው ማሽን ዞራ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረች። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱም ትንሽ ከፋቸው።

በማግስቱ ፎቶ ልታነሳ ሄደች። ወላጆቹ ትተውለት ያለፉት የድንጋይ ቤት ከከተማው ዳር ተዳፋት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ቀፎ ተደርድሯል። ውስጡ ግን ያው የወንደላጤ ቤት ነው፤ ወንበሩ ላይ ሸሚዝ፣ አልጋው ላይ መጽሐፍ፣ መስኮቱ ላይ የማር ማሰሮ።

«ይህን ሁሉ አንሳው» አለች።

«እንግዳው እንዴት እንደምኖር ይወቅ አላልሽም?»

«ይወቅ አልኩ እንጂ ይደንግጥ አላልኩም።»

ቤቱ ከተሰበሰበ በኋላ «ስለ ቤትህ ምን ብዬ ልጻፍ? ጥሩ ነገሩ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ጸሐዩ በሩ ላይ ቆመ። «ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እዚህ ሰፈር መጀመሪያ የምታገኘው ይህን በር ነው። እናቴ ወንበሯን አውጥታ እዚህ ትሞቅ ነበር። ከሞተች ወዲህ ወንበሩን የሚያወጣው የለም።»

አምሳለ ወደ ውስጥ ገባች። ወንበሩን አንስታ አወጣችና ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ፎቶውን እንደዚያ አድርጋ አነሳች። ቀና ስትል ጸሐዩ የሚያየው ወንበሩን አልነበረም።

መልሱ ከስሎቬንያ መጣ። ያኔዝ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው፤ እሱም ንብ አናቢ ነው። «እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ» ይላል መልእክቱ። የሱ ቀፎዎች ፊታቸው ላይ ሥዕል የተሣለባቸው ናቸው። ጸሐዩ ፎቶዎቹን እንደ ሕፃን እየደጋገመ አያቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መምጣት ለመደ፤ የሚተረጎም መልእክት ሲኖርም ሳይኖርም። የማይተረጎም ወሬያቸው ከሚተረጎመው በዛ። አምሳለ ከሰዓት በኋላ የእግሩን ድምፅ ስትሰማ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ ከዚያ «ምን ሆኜ ነው?» ብላ ራሷን ትቆጣለች።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ወሬኛ ነው። መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው፣ ጸሐዩ ቪዛ ሊጠይቅ መሆኑን ሲሰማ፣ «ወንድሜ፣ ለወንደላጤ አይሰጡም» አለ። «አይመለስም ብለው ነው። ሚስት ያለው ግን ይመለሳል ይላሉ። አሁኑኑ ፈጥነህ አግባ፤ የጋብቻ ወረቀትህን ይዘህ ኤምባሲ ግባ።» ይህን ብሎ ኮፒውን ይዞ ወጣ።

 ጸሐዩ ያን ቀን የሆነ ነገር ሊናገር ነበር የመጣው፤ ይህን አምሳለ ገና ሲገባ ከፊቱ አውቃዋለች። አሁን ግን እጁን እያሻሸ መሬት መሬት ያያል። ጠበቀችው። «በይ፣ ነገ እመጣለሁ» አለና ሄደ። በነጋታው ሲመጣ ወሬው ስለ ቲኬት ነበር። ከነጋታው ወዲያም እንደዚያው ሆነ።

ቪዛው ተሰጠው። እንዴት እንደሰጡት ስትጠይቀው «ጠየቁኝ፣ መለስኩ» ከማለት በቀር ነገሩን አላብራራላትም። አምሳለም በሆዷ፣ የማይመለስ ሰው ለምን ቃል ያስራል አለች።

እንዲህ እንድታስብ የሚያደርግ ምክንያት ነበራት። ታላቅ ወንድሟ መልአኩ ከቤት የወጣው «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ነው። አሁን በዓል ሲሆን ይደውላል፤ እናቷ ወይዘሮ እማዋይሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «መቼ ነው?» ይሉታል፤ እሱም «ቅርብ ነው» ይላል። ባሕር ማዶ የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር እናትየው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሰፈሩም ቢሆን ጸሐዩ ይመለሳል ብሎ አላመነም። ቤቱን ለፈረንጅ ለውጦ ሊሄድ ነው ተባለ። መንገድ ሊነሳ ሲል ጎረቤቱ ዳቦ ይዞ መጣ፤ አክስቱ እትዬ ሸጌ በግ አሳረዱና አንገቱን አቅፈው አለቀሱ።

«አክስቴ፣ ለአንድ ወር እኮ ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው» አሉና ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

ያን ቀን ወይዘሮ እማዋይሽ ልጃቸውን ጠርተው፣ «አምሳልዬ፣ ልብሽን ከመንገድ ላይ አንሺው። እኔ አንዱን መጠበቅ ይበቃኛል» አሏት። አምሳለ ምን ለማለት እንደፈለጉ ያልገባት መስላ ወጣች።

ወደ ላሊበላ የሚወስደው መኪና ሊነሳ ሲል ጸሐዩ ሁለት ቁልፍ ሰጣት። «አንዱ የያኔዝ ነው። ሁለተኛውን አንቺ ያዢው።»

«እኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ቤት የሚለዋወጥ ሰው አገሩ ላይ ባለአደራ ያስፈልገዋል ብለሽ የለ? ባለአደራዬ አንቺ ነሽ።»

ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ጠበቀች። መኪናው ጥሩንባውን ነፋ።

ያኔዝ ነጭ ጢሙን ይዞ በሳምንቱ ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ያወጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ላለፈው ላገደመው «እንዴት አደሩ» ይላል፤ ከሰዓት በኋላም ያው «እንዴት አደሩ» ነው። ጎረቤቱ ሽማግሌ አቶ ወልደ ጻድቅ አጠገቡ መቀመጥ ለመዱ። አንዱ በኽምጣና፣ ሌላው በአገሩ ቋንቋ ያወራሉ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋቢ ሰጡት፤ እሱም ከላዩ ላይ አላወልቅም አለ።

ከወዲያ የሚመጣው የጸሐዩ መልእክት ግን አምሳለን ያናድዳት ነበር። «የምድጃው በር እንዴት እንደሚዘጋ ያኔዝን ጠይቂልኝ» ይላል። «ሦስተኛው ቀፎ ንግሥቷ አርጅታለች በይው» ይላል። ለሷ የሚል አንድ ቃል የለውም። አንድ ቀን ያኔዝ አገሩ ያለውን ጎረቤቱን በስልክ ሲያነጋግር ቆየና በደስታ ነገራት፤ ጎረቤትየው ጸሐዩ ከንብ ጋር ሲሠራ አይቶ ወድዶታል፣ እዚያው እንዲቀር ሥራ ልስጥህ ብሎታል። አምሳለ «ጥሩ ነው» አለች። ብላም የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ቀናት አለፉ፤ መልእክት የለም። ቢሮዋን ትከፍታለች፣ ወረቀት ታነሳለች፣ መኪና በገባ ቁጥር አንገቷ ወደ መናኸሪያው ይዞራል። ልቧን ከመንገድ ላይ አላነሳችውም፤ እውነቱ ይህ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቀለም ስትቀይር ከኋላዋ «መብራት አለ?» የሚል ድምፅ ሰማች።

ዞረች። ጸሐዩ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከስቷል። እጇ ጥቁር ቀለም እንደሆነ ረስታ አፏን ያዘች፤ ከንፈሯና አገጯ ጠቆረ። ሳቀ፤ መጀመሪያ ዓይኖቹ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

«ሥራ ሰጥተውህ ነበር አሉ።»

«ሰጥተውኝ ነበር።»

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። «አንቺ ዘንድ ይቆይ። ያኔዝ እስኪሄድ እኔ አክስቴ ቤት ነኝ» አለ። በሩ ላይ ደርሶ መለስ አለና «እሑድ እናትሽ ቤት ይኖራሉ?» ብሎ ጠየቃት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ወልደ ጻድቅ ከፊት፣ አንድ ቄስ ከኋላ፣ መሀል ላይ ጋቢ የለበሰው ያኔዝ። አምሳለ እንደ ወጉ ጓዳ ገባች። ጆሮዋ ግን ሳሎን ቀርቷል።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ እናትየው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ። ያኔዝ ግን ወንበር ስላየ ተቀምጦ ነበር፤ ቄሱ ጋቢውን ይዘው አስነሱት።

አቶ ወልደ ጻድቅ የእግዚአብሔር እንግዶች መሆናቸውን፣ ዝምድና ፈልገው መምጣታቸውን፣ ልጁ ጸሐዩ መሆኑን ተናገሩ። ወይዘሮ እማዋይሽ ስሙን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ አልናገርም። ግን ባሕር ማዶ ደርሶ መጥቷል። እግሩ አንዴ መንገድ ለምዷል። ነገም ይሄዳል። እኔ ልጄን ለስልክ አልድርም።»

 ያን ጊዜ ያኔዝ እጁን አነሳና በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቄሱ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ አቶ ወልደ ጻድቅም አያውቁም። አቶ ወልደ ጻድቅ ወደ ጓዳው በር አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ያው... ወግ አይደለም። ግን ሽማግሌ ተናግሮ ሳይሰማ አይቀርም» አሉ።

አምሳለ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ ወጣች። ያኔዝ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ይናገራል፤ እሷ ታደርሳለች።

«እኔ በዚህ ልጅ ቤት ኖሬያለሁ፣ እሱም በኔ ቤት ኖሯል፤ የሰው ጠባይ በቤቱ ይታወቃል ይላሉ።»

«እሺ» አሉ እናትየው።

«ጎረቤቴ ሥራ ሰጥቶት እምቢ ብሏል። ቤቴን ጠርጎ፣ ቁልፌን አስረክቦ፣ በተባለው ቀን መጥቷል ይላሉ።»

«እሺ።»

ያኔዝ ቀጠለ። አምሳለ አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

«ምን አለ?» አሉ እናትየው።

«ኤምባሲው፣ ምን ይመልስሃል ብሎ ጠይቆት ነበር ይላሉ። እሱም... አንዲት ልጅ አለች አለ ይላሉ። ታዲያ ለምን አላገባሃትም ሲሉት፣ ገና አልጠየቅኳትም፤ አሁን ብጠይቃት ለእናንተ ማኅተም ብዬ ይመስላታል፤ ተመልሼ እጠይቃታለሁ ብሎ መለሰ ይላሉ።»

ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። ያ ሁሉ ዝምታ ለካ ይህ ኖሯል።

«ልጅቷ ማን ናት?» አሉ እናትየው፤ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ ያለ ይመስል።

«እኔ ነኝ» አለች አምሳለ። ቀጥላ «ይላሉ» አለች።

ቄሱ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ወይዘሮ እማዋይሽ ልጃቸውን አዩ፣ ጋቢ የለበሰውን ፈረንጅ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሄዶ የሚመለስም አለ ለካ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያም «ልጅቷስ ምን ትላለች? በይው» አሉ።

አምሳለ ወደ ያኔዝ ዞራ ልትተረጉም ከጀመረች በኋላ ተወችው። ጥያቄው ለሱ አልነበረም።

«እሺ ትላለች፣ እማዬ።»

«እንግዲያስ ተቀመጡ» አሉ እናትየው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንድም ቃል ያልገባው ያኔዝ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ አይቶ በደስታ ተቀመጠ።

ወጉ ልጅቷ እንድትጠብቅ ያዛል። አምሳለ ግን ተርጓሚነቷን ከፈጸመች በኋላ በጓዳው በር ወጥታ ተዳፋቱን ወጣች። ጸሐዩ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ቁልፍ ያኔዝ ኪስ፣ ሌላው እሷ ዘንድ ስለነበር መግባት አልቻለም።

ሲያያት ብድግ አለ። «ያኔዝ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የነገርኩትን ተናገረ?»

«ብዙ ተናገረ።»

«ማን ተረጎመው?»

«ማን ይመስልሃል?»

ጸሐዩ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «ሁሉንም?»

«አንድ ቃል አልዘለልኩም።»

«እናትሽስ ምን አሉ?»

አምሳለ አልፋው ሄደች። በሩን በቁልፏ ከፈተች፣ ገባች፣ ወንበሩን ይዛ ወጣች፤ ፀሐይ ያለበት ቦታ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ሁለተኛ ወንበር አሠራ» አለችው።