በጣቱ ላይ የቀረው ጎሚኒ

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ፖሊሱ ግን ያየውንም ያላየውንም ጠይቆ እኔን ዘለለኝ። «አሮጊቷን ተዋት፣ አትሰማም» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮዬ አልተደፈነም። ይህን ያለው ደግሞ የወንድሜ የሴብዮ አማች ናርሲሶ ነው።

ሴብዮ ታናሼ ነው፤ በያጅ ነበር። ቤቴንና ወርክሾፑን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሱ ሚስቱን፣ እኔ ባሌን ከቀበርን ወዲህ፣ ሲመሽ ግድግዳውን በመዶሻ ይመታል፤ እኔ በጭልፋ እመልሳለሁ። አለሽ? አለሁ። ሌላ ብዙ ወሬ አልነበረንም። ያን ቀን ማምሻ መዶሻው ዝም አለ።

ገብቼ አየሁ። ለግቢዬ የሚሠራልኝ የብረት በር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሴብዮ ከበሩ ጀርባ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል፤ በድን። ነፋስ ብየዳ ያበላሻል እያለ ስለሚዘጋ መስኮቱ ሁሉ ድርግም ብሏል። የሚበይድበት የካርቦን ጋዝ ሲሊንደር ባዶ ነው። ጋዙን የሚመጥነው ሬጉሌተር አናቱ ላይ ታስሯል፤ ጋዝ እንዳያመልጥ መሃላቸው መግባት የነበረበት የጎማ ጎሚኒ ግን በወንድሜ ትንሽ ጣት ላይ እንደ ቀለበት ተሰክቷል።

ፖሊሱ «ሽማግሌው ጎሚኒውን ረስቶ ጋዝ አፈነው» ብሎ ጻፈና ሄደ። ናርሲሶም በለቀስተኛው መሃል እየዞረ፣ «አላልኳችሁም? መዘንጋት ጀምሯል፤ ወርክሾፑ ይሸጥና ከእኛ ጋር ይኑር ስል ማን ሰማኝ?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ብሎን ያልጠፋችበትን ሰው፣ በሬሳ ሳጥኑ ፊት ዝንጉ አሉት። ሞትስ የሁሉም ዕጣ ነው። ዝንጉ መባሉ ነው ያንገበገበኝ።

በማግስቱ ነገሩን ልታጣራ ከኢሎይሎ ከተማ ሳጅን ሊዋይዋይ መጣች፤ አጭር፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት። ሩዝ በደረቅ ዓሣ ሳቀርብላት ሳትግደረደር በላች። ያኔ ወደድኳት።

«እማማ፣ ጎሚኒው ጣቱ ላይ ምን ይሠራል?»

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ አንቺ! ይህን የጠየቀኝ የለም።»

«ይኸው መጣሁ። ይንገሩኝ።»

«ከምሳ በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ሊተኛ ሲል ሬጉሌተሩን ይፈታል። ‹አናቱ ካልወረደ አውሬ ጎን አልተኛም› ይላል። ጎሚኒው እንዳይጠፋ ጣቱ ላይ ያጠልቀዋል። ሲነሳ መፍቻ ሳይነካ በፊት ጎሚኒውን ይመልሳል።»

«አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም?»

«ሱሪሽን ሳታጠልቂ ጫማሽን አስረሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች። ከዚያ ወርክሾፑ ውስጥ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ሬጉሌተሩ ላይ ያለው የፍሰት መለኪያ እጀታ ተከፍቷል፤ ከጫፉ ላይ ግን ወደ መበየጃው የሚወስደው ቱቦ የለም። ወደ ጋዝ ሻጩም ሄዳ ተመለሰች።

የማዶውን በያጅ ክሪስፒንን አስጠራችው። «ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«በየቀኑ! ‹የሴብዮ በር ካንተ በር ያምራል› እየተባልኩ አልጣላ? አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» አለና ፊቱን አዞረ።

የሴብዮ ልጅ ፔርላ ያን ቀን በምሳ ሰዓት ዝናቡ ሲጀምር ልብስ ከገመድ ስትሰበስብ እንደነበር ተናገረች። ባሏ ናርሲሶ የመርከብ መጠገኛ በያጅ ነው። «ወርክሾፑ ምን ያስኬደኛል? በምሳ ሰዓት አባባ እማማ ጋ ነው የሚበላው፤ ባዶ ነው» አለ።

«ያን ቀን ዝናብ ፈርቶ ቀድሞ በላና ሊተኛ ተመለሰ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሳጅኗ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሲሊንደሩን ተሸክመው ልቅሶው ቤት አስገቡት። ካርታ የሚጫወቱት እጃቸውን ሰበሰቡ። ሳጅኗ ሬጉሌተሩን፣ መፍቻውንና ጎሚኒውን ጠረጴዛው ላይ ከብስኩቱ ጎን ዘርግታ፣ «ሦስታችሁም በተራ እሰሩልኝ» አለች።

ፔርላ ብሎኑን ወደ ግራ አዙራ አቅቷት አለቀሰች። ክሪስፒን ምንም ሳይነካ፣ «ጎሚኒውስ? አሃ፣ ይኸው» ብሎ አስገባና አሰረ። ናርሲሶ የሲሊንደሩን አፍ ጠረገ፣ ገጠመ፣ ጥርቅም አድርጎ አሰረ፤ እጁ ሲያምር! «ይኸው» አለ።

«ሰውዬ፣ ጎሚኒው ጠረጴዛው ላይ ቀረ እኮ!» አለ ክሪስፒን።

ናርሲሶ እጁን ከሲሊንደሩ ላይ አነሳ።

«አንተ መርከብ ላይ የምትሠራው በአርጎን ጋዝ ነው» አለች ሳጅኗ ቀስ ብላ። «የአርጎኑ ጫፍ ሾጣጣ ነው፤ ብረት ለብረት ይገጥማል፣ ጎሚኒ አያሻውም። የካርቦኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎሚኒ ከሌለው እንደ ወንፊት ያፈሳል። ሁለቱንም ጋዝ ሻጩ አሳይቶኛል። እጅህ የለመደውን ሠራ።»

«ክሪስፒንስ ሆን ብሎ ቢተወው?» አለ ናርሲሶ።

«ቢተወው የፍሰት መለኪያውን ለምን ይከፍታል? ባይከፍተውም ይፈሳል። መለኪያውን የከፈተው ሰው በደንብ አስሬያለሁ ብሎ ያመነ ነው። ቱቦ ስለሌለው ደግሞ ሊበይድ አልነበረም። ሟቹም አይደለም፤ እሱ ሬጉሌተሩን ፈትቶ፣ ጎሚኒውን አጥልቆ ተኝቷል። ጋዙ ቀስ እያለ ያልቅና ‹ሽማግሌው ዘነጋ› ይባላል፣ ወርክሾፑም ይሸጣል ብለህ ነበር። ያለ ጎሚኒ ግን በአንዴ ተዘረገፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን አልሰማህም። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ሰውየውም ወለል ላይ ነበር።»

«ከበሩ ጀርባ መኖሩን አላየሁም» አለ ናርሲሶ። «እግዜር ያውቃል፣ አላየሁም።»

ፔርላ ወንበሯን ከእሱ ወንበር አራቀች። «ከሞተ በኋላስ? ይሄን ሁሉ ሰዓት አጠገቤ ቆመህ ዘነጋ ስትል?» አለችው።

ሳጅኗ ክንዱን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ ዘጋሁባቸው። ማታ ጭልፋዬን ይዤ ግድግዳው ስር እንደምቀመጥ አውቃለሁ፤ የሚመታልኝ ግን የለም።

«እማማ፣ ያሳልፉን» አለች።

«አላሳልፍም። አንተ! ወደ ሳጥኑ ዙር። ‹ሴብዮ አልዘነጋም› በል። ምን ታንሾካሹካለህ? አትሰማም ያልከኝ አንተ አይደለህም? እንግዲያው እኔ እስክሰማህ ድረስ ጩኸው!»