ወንድሜ ተኝቷል

«ይቺን ‹ቀርቷል› የምትለዋን ጮክ አድርገሽ አንብቢ፤ ማሳረጊያችን እሷ ናት» አሉ ቲቸር ይስማው። ናዝራዊት ወረቀቱን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

በደብረ ብርሃን ያለው አዳራሽ ግጥም ብሏል። የትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ በየወሩ አንድ የዛሬ ጉዳይ ይመርጥና፣ ድሮ እንዴት እንደነበረ ለከተማው ሰው ያቀርባል። የዚህ ወር ርእስ የሸክላ ሠሪዎች መገለል ነው። ጓደኛዋ ሮዳስ ሸክላ ሠሪ አያቷ የሠሯቸውን፣ ከአንኮበር የመጡ ገንቦዎች ታሳያለች፣ ናዝራዊት ታነባለች፦ «ድሮ ሰው ‹ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል› እያለ ልጁን ከሸክላ ሠሪ ይደብቅ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ቀርቷል።»

ቀርቷል! ወይ ቀርቷል!

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ እነናዝራዊት ቤት ሊለማመዱ ተገናኝተው ነበር። ሮዳስ ገና በሩን ስታልፍ፣ የናዝራዊት እናት ሕፃን ልጇን ማሙሽን ብድግ አድርጋ ጓዳ ገባች። የእነማን ልጅ እንደሆነች ሰምታለች።

«ማሙሽስ? ልቀፈው እንጂ» አለች ሮዳስ።

«ተኝቷል» አለች ናዝራዊት።

ማሙሽ ከጓዳ ውስጥ ከት ብሎ ሳቀ።

ሮዳስ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። «በቃ ይተኛ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከፕሮግራሙ ውጪ አንድ ቃል አላወራቻትም። ናዝራዊት እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች። እናቷስ ከልቧ ፈርታ ነው፤ እሷ ግን ውሸት መሆኑን እያወቀች ዋሸች። ይኼ ነው ውስጧን የሚበላት።

አሁን እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ማሙሽን ታቅፋ ፈገግ ብላ ታያታለች። ልጄ መድረክ ወጣች ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች።

«ዛሬ ግን...» አለች ናዝራዊት። ማይኩ ሲጥ አለ። ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ዛሬም እኛ ቤት አልቀረም። ቅዳሜ ጓደኛዬ ስትመጣ ወንድሜን ደበቅነው። ‹ተኝቷል› ያልኩት እኔ ነኝ። አልተኛም ነበር።»

እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ናዝራዊት ከመድረክ ወርዳ እፊቷ ቆመች።

«እማዬ፣ ማሙሽን ስጪኝ። ሮዳስ ትቀፈው።»

«ኧረ በማርያም! ቤታችን እንነጋገራለን» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ቤታችንማ ዋሸሁ።»

ከመድረኩ ላይ ሮዳስ የያዘችውን ገንቦ ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። የናዝራዊት እናት ልጁን ጠበቅ አድርጋ ይዛዋለች። ናዝራዊት እጇን እንደዘረጋች ቆመች፤ አላጠፈችውም።