አኮርዲዮኑን ያዢልኝ

ጉዲቱ ኢተፋን የጠላችው ገና ባየችው ሰሞን ነበር። አትሳቁ፤ ስንቱ ፍቅር እንዲህ ነው የጀመረው!

ጊዜው የ1976 ክረምት መግቢያ፣ ቦታው ናዝሬት፣ የቀበሌው አዳራሽ ነው። በየዓመቱ በአብዮት በዓል ዋዜማ የከተማው ቀበሌዎች በዘፈን፣ በጭፈራና በድራማ የሚወዳደሩበት የኪነት ፌስቲቫል ነበር። ያን ሰሞን ናዝሬት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጋሪ ነጂው ሳይቀር «ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ይወስዳል?» እያለ ከተሳፋሪው ጋር ይከራከራል።

ጉዲቱ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ወዳ አልገባችም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጎበና ድምጿን አንድ ቀን ሰሙና «ነገ ልምምድ ትመጫለሽ» አሏት። በዚያ ዘመን እንዲህ ከተባለ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ያ ድምፅ የተገራው በጸሎት ቤት፣ በመዘምራን መካከል ነበር። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ቆይቷል። አባቷም በእምነታቸው ታስረው በቅርቡ ነው የተፈቱት፤ ሲፈቱ «ሁለተኛ ከእናንተ ቤት አንድ ነገር ቢሰማ ምሕረት የለም» ተብለዋል።

ዘፈኑን እንደምንም ትዘፍነዋለች። ጭንቋ መጨረሻው ላይ ነው። ልምምድ ሲያበቃ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ መፈክር ያሰማል። የጉዲቱ እጅ ግን አይነሳም። እንዲያ እጅ አንስቶ መማል ለአምላኳ ብቻ የሚገባውን ለሌላ መስጠት ነበር ለእሷ። ስለዚህ ከኋላ፣ ከረጃጅሞቹ ወንዶች ጀርባ ትሸጎጣለች።

አንድ ቀን ቀና ስትል አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኢተፋ ዓይኑን ተክሎ ያያታል። የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። በማግስቱም አያት። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«እ... እጅሽን።»

ክው አለች። «እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም። እኔም እኮ አንስቼ አላውቅም። አላየሽም?»

«ለምን አታነሳም?»

«አኮርዲዮን በስንት እጅ ነው የሚያዘው?»

ጉዲቱ ይኼ ጆሮ ጠቢ ነው፣ አናግሮ ሊያስበላኝ ነው ብላ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ለእናቷም «አንድ ሰላይ አለ፤ ረጅም፣ አኮርዲዮን የሚጫወት» ብላ ነገረች። ምስኪን ኢተፋ! ሰላይ እንዲያ ይንተባተባል?

በዓሉ ሲቃረብ ጓድ ጎበና ልምምዱን መጥተው አዩና በጣታቸው ወደ ጉዲቱ ጠቆሙ።

«ይህቺ ልጅ ምን ትሠራለች እዚያ ኋላ? ፊት መስመር ትቁም! ዘንድሮ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ።»

ያን ዕለት ከአዳራሹ ጀርባ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እጇን ብታነሳ ከራሷ ልትጣላ ነው፤ ባታነሳ አባቷ ሊታሰሩ ነው። ኢተፋ አኮርዲዮኑን እንዳነገተ መጣ።

«ሂድ ከፊቴ!» አለችው። «ሂድና ንገራቸው!»

«ብነግርማ እስካሁን እቆያለሁ?» አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «መዘምራን ውስጥ ምን ትጫወቺ ነበር?»

«ማን ነገረህ?»

«ጣቶችሽ። እኔ ስጫወት ቀሚስሽ ላይ ይከተሉኛል። እኔ ስሳሳት እነሱ አይሳሳቱም።»

አኮርዲዮን ነበር የምትጫወተው። ኢተፋ መልሷን ሳይጠብቅ ማሰሪያውን ከትከሻው አወለቀና በእሷ ትከሻ ላይ አጠለቀው።

«ያዢልኝ» አላት። «ትከሻዬን እያመመኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ተጫወቺ። እኔ ከሌሎቹ ጋር እዘፍናለሁ።»

«በዚህ ድምፅህ?» አለችው፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት። ድምፁ ዘይት ያጣ የጋሪ ጎማ ነበር። «ኢተፋ... ይቅርታ። ሰላይ ነህ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። እናትሽ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ከልምምድ ሲወጡ አብረው ነበር የሚሄዱት። ጭቃውን እየዘለሉ፣ እሱ ዜማውን በፉጨት እያስጠናት፣ እሷ እየሳቀችበት። «እወድሻለሁ» አላላትም። እሷም አላለችውም። ግን ቤቷ በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም መሰነባበት ያቅታቸው ነበር።

የፌስቲቫሉ ቀን ስታዲየሙ ጢም አለ። ጉዲቱ ፊት መስመር ቆማ ተጫወተች። በመጨረሻ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ሲያነሳ የእሷ እጆች አኮርዲዮኑ ላይ ነበሩ፤ ማንም ምንም አላላትም። ደስታዋን ልታካፍለው ዞር ብላ ኢተፋን ፈለገች። ከዘፋኞቹ መካከል አልነበረም።

በማግስቱም አልመጣም፤ በሠልስቱም። «ቢያንስ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ይላል» ብላ ተቀየመችው። እኔ ብቀርበት ምን ይጎድልበታል ብላ ትራሷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ኋላ ከበሮ መቺው ኑሬ መንገድ ላይ አገኛት።

«አልሰማሽም እንዴ? ለውትድርና ተይዟል። ጓድ ጎበና መሣሪያ የምንጫወተውን አይነኩንም፤ ዋንጫ ይፈልጋሉ። ዘፋኝ ግን በሽ ነው። እሱ አኮርዲዮኑን ሲለቅ...» ኑሬ ፊቷን አየ። «አልነገረሽም?»

በቀጥታ ጓድ ጎበና ቢሮ ሄደች።

«አኮርዲዮኑን ለኢተፋ ይመልሱለት። እሱ ይቅር።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዘፍናለሁ። ፊት እቆማለሁ። እጄንም...» የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «እጄንም አነሳለሁ።»

ያቺ ቃል ከአፏ እንድትወጣ ስንት እንደከፈለች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ጓድ ጎበና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እስከዛሬ አታነሺም ነበር እንዴ?»

ያኔ ገባት። በገዛ አፏ ራሷን አሳልፋ ሰጥታለች። ሰውየው ግን ተነስተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይህን እኔም አልሰማሁ፣ አንቺም አልተናገርሽ። ልጁን ትናንት አስረክበናል። ከእጄ ወጥቷል። ሂጂ ልጄ።»

ምልምሎቹ ሲሳፈሩ ደረሰችባቸው። አውቶቡሶቹ ተደርድረዋል፤ እናቶች ያለቅሳሉ። በመስኮቱ እጁን ያዘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትይዢው ነበር?»

«በጭራሽ! አልይዘውም ነበር!»

«ለዚህ ነዋ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ጉዲቱ፣ ማሎ፣ እባክሽ... አትጠብቂኝ።»

«እጠብቅሃለሁ!»

«እሺ በይኝ፤ አትጠብቂኝ።»

እሺ አላለችውም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጁን የለቀቀችው መሮጥ ሲያቅታት ነው።

ዓመቱ ዞረ። ለፌስቲቫሉ ልምምድ ተጀምሮ ሳለ አንድ ቀን ኑሬ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ አያት፤ መግባት አቃተው። መናገር አላስፈለገውም። ጉዲቱ አኮርዲዮኑን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ማንም «ወዴት?» አላላትም።

ወንጂ፣ ከሠራተኞቹ ሰፈር፣ ድንኳን ተጥሏል። ከለቀስተኛው ኋላ፣ ከእንግዳው ጋር ቆመች። አልቅሳ አልጠግብ አለች፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የኢተፋ እናት ወይዘሮ አየለች ቀና ብለው አዩዋት።

«ነዪ ወዲህ፣ ልጄ። አላወቅሁሽም። የኢተፋ ምኑ ነሽ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቀለበት አላሰረላትም፣ ሽማግሌ አልላከባትም፣ እወድሻለሁ እንኳ አላላትም። ጉዲቱ ደግሞ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ልጅ ነበረች።

«እጮኛው ነኝ» አለች።

ወይዘሮ አየለች ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ከጎናቸው ወደተቀመጠችው ወደ እህታቸው ዞሩ።

«ጠጋ በይላት» አሉ። «የቤት ሰው ናት።»