ከቆላ የተመለሱት ወረቀቶች

«ሌላውን ዝለዪውና አባታችን የሞተበትን አንብቢ» አለ ደምለው። የጎረሰ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ነበር። «ወባ ነው እንዳትዪኝ ደግሞ። መሪጌታም እሱን ነበር የሚሉኝ።»

ወለተ ሐና ወረቀቶቹን በሁለት እጇ ያዘች። የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ወረቀቶች ናቸው። መሪጌታ ባለፈው ሳምንት ሲቀበሩ፣ ሚስታቸው «ለገብረ ክርስቶስ ልጅ ስጫት ብሏል» ብለው ሰጧት። ከቤቱ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ነች፤ ቢቸና ሰባተኛ ክፍል ትማራለች።

አባቷ ገብረ ክርስቶስ ሲሄድ እሷ ገና የምትታዘል ሕፃን ሆና ከእናቷ ጋር ቤት ቀረች። ባዶ መሬት አለ ተብሎ፣ ስንትና ስንት አባወራ ከብቱን እየነዳ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተከል ቆላ ወረደ። በሕይወት የተመለሱት መሪጌታና የሞጣው ፋንታ ብቻ ናቸው። ፋንታ ትንፍሽ አላለም። ሰው ደግሞ ወሬ አያጣም፤ ገዳዩ ፋንታ ነው ብሎ ፈረደና «የአባትህ ደም ፈሶ ቀረ?» እያለ ደምለውን አሳደገው። ነገ የቢቸና ገበያ ነው። ፋንታ በሬ ሊሸጥ ይመጣል።

የወለተ ሐና ዓይን ቀድሟት መስመሩ ላይ ደረሰ። ግማሹን ብቻ ብታነብ ማን ያውቅባታል? የአባቷም ስም ይተርፋል፤ ነገ ግን ሰው ይሞታል። እናቷ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትላለች።

አነበበች።

«ውኃ አልቆ አንዲት የቆዳ እርኮት ቀረችን። የፋንታ ታናሽ ወንድም፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ፣ ትኩሳት ቢያቃጥለው አንድ ጉንጭ ልጠጣ ብሎ እርኮቷን ያዘ። ገብረ ክርስቶስ በመጥረቢያ አናቱን መታው። ልጁ ወደቀ። ደገመው። እኔ እያየሁ ዝም አልሁ። ፋንታ እንጨት ለቅሞ ሲመለስ ወንድሙን አየና ተኮሰ። ጥይቱ የገብረ ክርስቶስን አንገት በሳው። ደሙ እርኮቷ ላይ ፈሰሰ። ውኃውን ግን ጠጣነው።»

ደምለው በጥፊ አጮላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«አባቴ ልጅ አይገድልም። እንደገና አንብቢ፤ በደንብ።» እንድትዋሸው እየለመናት እንደሆነ ገባት፤ አሳዘናት።

ደሟን ዋጥ አድርጋ እንደገና አነበበች። አንድ ቃል አልቀየረችም። ድምፅዋን ግን ከፍ አደረገች።

ደምለው ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። «ቢሆንም ተኩሷል። ነገ ይለይለታል።»

«ግደለው እንግዲህ» አለች። «ሰው ደም መላሽ ብሎ ሲያሞግስህ፣ እኔ ሞጣ ሄጄ ለቅሶው መሃል ቆሜ ይህንኑ አነባለሁ።»

«የአባትሽን ስም?»

«አዎ፣ የአባቴን ስም።»

ደምለው የበሩን መቀርቀሪያ እንደያዘ ቀረ። እናቷ እንዝርቷን አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የልጁ ስም አልተጻፈም?» አለች።

ወለተ ሐና መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች ፈለገች።

«የለም። ነገ ገበያ ወርጄ ፋንታን እጠይቃቸዋለሁ።»

ደምለው መቀርቀሪያውን ለቀቀ። ከዚያ ምንሽሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

«ብቻሽን አትሄጂም» አለ።